ክንዴ አነሰ ወይስ ሜትሩ ዋሸኝ? አራት ወር ብረት ገፍቼ ግራ ገብቶኛል

#1 ቀጭኑ_ከለገሃር
የካቲት 10 ቀን 2017፣ ከምሽቱ 3:12

ሰላም ወገን። ነገሩ ይረዝማል፣ ታገሡኝ።

27 ዓመቴ ነው፣ ቁመቴ 1 ሜትር ከ74። ለገሃር አካባቢ ቢሮ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተተክዬ ነው የምውለው። ከልጅነቴ ጀምሮ ዘመድ ቤት በሄድኩ ቁጥር "ይሄ ልጅ አይበላም እንዴ?" ሲባል ነው ያደግሁት። መስከረም መጨረሻ ላይ የወረቀት ካርቶን ተሸክሜ ደረጃ ስወጣ እጄ ሲንቀጠቀጥ የቢሮ ልጆች አይተው ሳቁብኝ። እልህ ያዘኝና ባምቢስ አካባቢ ምድር ቤት ውስጥ ያለች ጂም ተመዘገብኩ። ከዚያ ወዲህ በሳምንት አራት ቀን፣ ቀርቼ አላውቅም። እውነቱን ለመናገር ግማሹ ምክንያት የታክሲ ሰልፍ ነው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ ከመሰለፍ ብረት ገፍቶ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ቤት መሄድ ይሻላል።

ለውጥ ያለ ይመስለኝ ነበር። ቤንች ፕሬስ (አግዳሚ ላይ ተኝቶ ብረት ወደ ላይ መግፋት) ስጀምር 40 ኪሎ ስድስት ጊዜ ነበር የምገፋው፣ አሁን 55 ኪሎ ስምንት ጊዜ እገፋለሁ። ትናንት ማታ "እስቲ በቁጥር ልየው" ብዬ ሜትር ገዝቼ፣ በሬን ዘግቼ ተለካሁ። ጥቅምት 8 የተጻፈ ልኬት ስለነበረኝ ከሱ ጋር ሳስተያየው እንዲህ ሆነ፦

ጥቅምት፦ ደረት 102፣ ወገብ 84፣ ክንድ 35።
የካቲት፦ ደረት 95፣ ወገብ 79፣ ክንድ 32።

ሁሉም ቀነሰ! ወኔዬ ፍስስ አለ። ክብደቴ ግን ጨምሯል፤ እሱም ቢሆን አያስተማምንም። ስታዲየም ጋር ሚዛን ይዞ የሚቀመጠው ልጅ 69 አለኝ፣ ለገሃር ያለው 66 ተኩል፣ የጂሙ 67.8። ጥቅምት ላይ 63 ነበርኩ፣ የትኛው ሚዛን ላይ እንደሆነ እንኳ አላስታውስም። ጡንቻዬ ወደ ስብ ተለውጦ ይሆን? በናታችሁ የገባችሁ አስረዱኝ።


#2 ሞተረኛው
የካቲት 10፣ ከምሽቱ 3:20

ብረት ገፍቶ የመነመነ ሰው አንተ የመጀመሪያው ነህ። የጂሙን አድራሻ ለእህቴ ላክላት፣ እሷ ለመክሳት ነው ገንዘቧን የምትጨርሰው።


#3 ኮች_ከባምቢስ
የካቲት 10፣ ከምሽቱ 3:51

ጎረቤት ነን ማለት ነው። ቀልዱ ይቆይና፣ ቁጥሮችህ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። የምትገፋው ብረት በ15 ኪሎ ጨምሯል፣ በየትኛውም ሚዛን ብትሄድ ክብደትህ ጨምሯል፣ ታዲያ ክንድ 3 ሳንቲ ሜትር ወዴት ይሄዳል? ጡንቻ ወደ ስብ አይለወጥም፣ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። እኔ የምጠረጥረው ልኬቱን ነው።

እስቲ እነዚህን መልስልኝ። የጥቅምቱን ማን ለካህ? በባዶ ቆዳ ነው ወይስ በልብስ? ክንድህን አጥፈህ ነው ወይስ ዘርግተህ? አራቱን ቀን ምን ምን ትሠራለህ? ምን ትበላለህ?


#4 ቀጭኑ_ከለገሃር
የካቲት 10፣ ከምሽቱ 4:05

አመሰግናለሁ ኮች። ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ክንድ፣ ሐሙስ ደረትና ትከሻ፣ ቅዳሜ ክንድ። እግር አልሠራም፣ ቅዳሜ ቅዳሜ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ስለምሮጥ ይበቃዋል ብዬ ነው። ምግብ ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ምሳ ቢሮ አጠገብ ሽሮ ወይ ፓስታ፣ ማታ እቤት ያለውን። ከጂም በኋላ ሁለት ጥሬ እንቁላል በወተት መትቼ እጠጣለሁ።

የትናንቱን ዘርግቼ ነው፣ በባዶ ቆዳ። የጥቅምቱን ወረቀት ፈልጌ እነግርሃለሁ።


#5 ሞተረኛው
የካቲት 10፣ ከምሽቱ 4:07

ከላይ አንበሳ፣ ከታች ሽመላ።


#6 ጋሽ_ጃንሜዳ
የካቲት 11፣ ከጠዋቱ 12:40

ልጆች፣ እኔ 63 ዓመቴ ነው፣ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ጃንሜዳን እዞራለሁ። በኛ ጊዜ ጂም የሚባል ነገር ያለው ጥቂት ሰው ብቻ ነበር። ወወክማ (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማኅበር) የሚገባ ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ይታይ ነበር። ሌሎቻችን የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ኮንክሪት ሞልተን፣ መሃሉ የውሃ ቧንቧ ሰክተን ነው ዳምቤል የምንሠራው። ስንት ኪሎ እንደሆነ የሚያውቅ ግን አልነበረም። አንድ መምህራችን መጥቶ "አንድ ሊትር ኮንክሪት 2 ኪሎ ከ400 ገደማ ነው፣ ጣሳችሁን በውሃ ለኩት" አለን። ብንለካው አንደኛው ወገን ከሌላው በግማሽ ኪሎ ይበልጣል! የኔ ግራ ትከሻ እስከ ዛሬ ዝቅ ያለው በዚያ ነው እያልኩ እቀልዳለሁ።

ይህን ያመጣሁት ስለ ሚዛኑ ነው። የመንገድ ዳር ሚዛን ውስጡ ስፕሪንግ ነው። ድንጋይ ንጣፍ ላይ ተንጋዶ ሲቀመጥ የፈለገውን ይናገራል። ለመፈተን ሁለት ሊትር ውሃ የያዘ ሃይላንድ ሦስት ያዝ። ስድስት ሊትር ውሃ ስድስት ኪሎ ነው፣ ፕላስቲኩ ምንም አይደለም። መጀመሪያ ባዶ እጅህን ውጣ፣ ከዚያ ሃይላንዶቹን ይዘህ ውጣ። ልዩነቱ ስድስት ካልሆነ ሚዛኑን ተወው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ጀሪካን የሌለው ቤት የለም፣ በሱም ቢሆን ይቻላል።


#7 ቀጭኑ_ከለገሃር
የካቲት 11፣ ከጠዋቱ 2:15

ጋሼ ዕድሜ ይስጥዎት። የሃይላንዱን ዘዴ ዛሬውኑ ጂም ላይ እሞክራለሁ። ስታዲየም ያለው ልጅ ላይ ግን ስድስት ኪሎ ውሃ ይዤ ብወጣ የእብድ ነው የሚመስለው።


#8 ሞተረኛው
የካቲት 11፣ ከጠዋቱ 2:31

የስታዲየሙን ልጅ አውቀዋለሁ፣ ነጋዴ ነው። ቀጭን ሲመጣለት ከፍ፣ ወፍራም ሲመጣለት ዝቅ አድርጎ ነው የሚነግረው። ሁሉም ተደስቶ ይከፍላል።


#9 ኮች_ከባምቢስ
የካቲት 11፣ ከቀኑ 7:10

ምሳ ሰዓት ላይ ስለሆንኩ ረዘም አድርጌ ልጻፍ።

ፕሮግራምህ በሳምንት አራት ቀን ተመሳሳይ ቦታ መቀጥቀጥ ነው። ጀርባ የለም፣ እግር የለም። ደረጃ መሮጥ ለልብና ለትንፋሽ ግሩም ነው፣ ጭን ላይ ጡንቻ ለመጨመር ግን ጭኑ በየጊዜው የሚከብድ ሸክም ይፈልጋል። መላው ምስጢር ይኸው ነው። ሰውነት የለመደውን ጭነት እንደ ተራ ነገር ያየዋል፣ ትንሽ ሲጨመርበት ነው ጡንቻ የሚጨምረው። ስለዚህ ሦስት ቀን ይበቃሃል። በየቀኑ አንድ ስኳት (ብረት ተሸክሞ ቁጢጥ ብሎ መነሣት) ወይም ዴድሊፍት (ብረት ከመሬት ማንሣት)፣ አንድ የሚገፋ (ቤንች፣ ወይም ከራስ በላይ መግፋት)፣ አንድ የሚሳብ (ፑል አፕ ማለትም ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ፣ ወይም ጎንበስ ብሎ ባርቤል የሚባለውን ረጅም ብረት መሳብ)። ክንድ ላይ መጨረሻ ላይ ሁለት ሦስት ዙር ትጨምራለህ። እያንዳንዱ ጡንቻ በሳምንት አሥር ዙር አካባቢ፣ ሁለት ቀን ተከፍሎ ካገኘ ለጀማሪ ጥሩ ነው።

ሳታርፍ ደጋግመህ የምትሠራውን አንድ ተራ "ዙር" ያልኩት አውቄ ነው። ፊት በእንግሊዝኛው "ሴት" ነበር የምለው፣ አንድ ቀን ደንበኛዬ ስልክ ላይ ለባለቤቱ "ዛሬ ሦስት ሴት ይቀረኛል፣ ቆይቼ ነው የምመጣው" ብሎ ቤቱ ሊፈርስ ነበር።

የኛ ጂሞች ትልቁ ችግር ትናንሽ ብረት አለመኖሩ ነው። 1.25 ኪሎ ፕሌት ማግኘት ዕድል ነው፣ ከ5 ወደ 10 ነው የሚዘለው። እንዲህ ሲሆን ኪሎውን ሳይሆን ቁጥሩን ጨምር። 55ን ስምንት ጊዜ ትገፋለህ፣ በሚቀጥለው ዘጠኝ፣ እንዲህ እያልክ በሦስቱም ዙር አሥራ ሁለት ስትሞላ ብረት ትጨምርና ወደ ስምንት ትመለሳለህ። ይህን ደብተር ላይ ጻፈው። በቃሌ እይዘዋለሁ የሚል ሰው ሁሌ አንድ ዓይነት ኪሎ ሲገፋ ዓመቱ ያልቃል፣ በዓይኔ ያየሁት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በል። መጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ የመጣው ጉልበት አብዛኛው የጡንቻ አይደለም፣ የነርቭ ነው። አንጎልህ ያለውን ጡንቻ አስተባብሮ ማዘዝ ሲለምድ ብረቱ ይቀልሃል። የሚለካ እድገት ከሁለት ወር በኋላ ቢመጣ ደንብ ነው። ሲመጣም በሳንቲ ሜትር ትንሽ ነው፣ ግን አትናቀው። ክንድ ከ33 ወደ 34 ሲሄድ አንድ ሳንቲ ብቻ ይመስላል። በክብ ስሌት አስላው፤ 34 ለ33 አካፍልና በራሱ አባዛው፣ 1.06 ይመጣል። ተቆርጦ ቢታይ የክንድህ ስፋት በ6 በመቶ ጨምሯል ማለት ነው።


#10 ቶሎ_በል
የካቲት 11፣ ከቀኑ 9:44

ይሄ ሁሉ ሂሳብ ለምን? እኔ ጂም ውስጥ አንድ ልጅ አለ፣ አሥር ሳምንት መርፌ ወስዶ በር አይበቃውም። ከፈለክ በውስጥ መስመር አገናኝሃለሁ።


#11 ነጩ_ጋወን
የካቲት 11፣ ከቀኑ 10:20

ጤና ባለሙያ ነኝ፣ ይህን አይቼ ማለፍ አልችልም። ቴስቶስትሮን (የወንድ ሆርሞን) ከውጭ በመርፌ ሲገባ አንጎል "በቂ አለ" ብሎ ትእዛዙን ያቆማል። የዘር ፍሬ የራሱን ማምረት ይተዋል፣ ይሟሽሻል፣ የዘር ፈሳሹም ፍሬ አልባ ሊሆን ይችላል። መርፌው ሲቆም ወዲያው ላይመለስ ይችላል፣ ለወራት የሚቆይ አለ። ደም ይወፍራል፣ ጥሩው ኮሌስትሮል ይወርዳል፣ ልብ ይጎዳል። ከጓሮ የሚመጣ ብልቃጥ ውስጥ ምን እንዳለ ደግሞ ሻጩም አያውቅም። የ27 ዓመት ጤነኛ ልጅ ገና አራት ወር ሠርቶ ለምን ይሄ ይመከራል?

ዱቄት ከፈለክ ያለው ክሬቲን ነው፣ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም። ለጤነኛ ሰው በዚህ መጠን ኩላሊት ይጎዳል የሚባለው አልተረጋገጠም፣ የኩላሊት ችግር ያለበት ግን ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር። ጡንቻ ውስጥ ውሃ ስለሚይዝ ሚዛን ላይ ኪሎ ገደማ ቶሎ ሊጨምር ይችላል፣ "ጡንቻ አወጣሁ" ብለህ እንዳትሸወድ። ካላገኘኸውም ምንም አይቀርብህ።

ጥሬ እንቁላሉን ደግሞ ተው። ሰውነት ከተቀቀለ እንቁላል የሚያገኘውን ያህል ፕሮቲን ከጥሬው አያገኝም፣ በዚያ ላይ ሳልሞኔላ የሚባል በሽታ አምጪ ባክቴሪያ አለ። ቀቅለህ ብላው። ስለ ጥሬ ሥጋም የሚጠይቅ መምጣቱ አይቀርምና፣ ብስሉም ጥሬውም ፕሮቲኑ ያው ነው፣ ጥሬው የሚጨምርልህ ኮሶ ነው።


#12 የመድረኩ አስተባባሪ
የካቲት 11፣ ከቀኑ 10:32

መርፌ ማገናኘት እዚህ አይፈቀድም። ቶሎ_በል ለአንድ ሳምንት ታግዷል። ቀጥሉ።


#13 ሄሉ_አራት_ኪሎ
የካቲት 11፣ ከምሽቱ 2:50

እኔ ከጀመርኩ ዓመት ከሁለት ወር ሆኖኛል። ሴት ስለሆንኩ "ወንድ ትመስያለሽ" ያላለኝ የለም፣ እናቴን ጨምሮ። የወንድ ቴስቶስትሮን ከኛ በአሥር እጥፍና ከዚያ በላይ ነው፣ ስለዚህ ያ ሁሉ ጡንቻ በስህተት አይወጣም፣ እመኑኝ፣ ፈልጌውም እንቢ ብሎኛል። እኔን የገፋፋኝ የአያቴ ዳሌ ስብራት ነው። አጥንት ሸክም ሲሸከም ይጠነክራል ሲባል ሰምቼ ገባሁ።

ልኬት ላይ ግን ባለሙያ ሆኛለሁ፣ ስለዚህ ዝም አልልም። የምለካው በወር አንዴ ነው፣ ወሩ በገባ በመጀመሪያው እሑድ ጠዋት፣ መጸዳጃ ቤት ሄጄ ከመጣሁ በኋላ፣ ውሃ እንኳ ሳልጠጣ። ከጂም መልስ ፈጽሞ አልለካም፤ ያን ሰዓት ክንድ ውስጥ ደም ስለሚሞላ አንድ ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ በላይም ያሳብጣል፣ ማታ ይጠፋል።

ክንድ ላይ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ቦታው ላይ ነው። ትከሻዬ ጫፍ ላይ ያለችውን አጥንት በጣቴ አገኛታለሁ፣ ከዚያ እስከ ክርኔ ጫፍ እለካለሁ። የኔ 32 ነው፣ ግማሹ 16። እዚያ ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አደርጋለሁ። ሜትሩ ሁሌ በዚያች ነጥብ ላይ ነው የሚዞረው። ያለ ነጥብ አንዱ ወር ላይ ሁለት ሳንቲ ከፍ፣ ሌላው ወር ላይ ዝቅ ብዬ "ክንዴ አነሰ" ብዬ አልቅሼ አውቃለሁ። ሜትሩ ቆዳ ላይ ይረፍ እንጂ አይንከስ፣ ሥጋዬ ጎድጎድ ካለ ላላ አደርገዋለሁ። ሦስት ጊዜ ለክቼ መካከለኛውን ነው የምጽፈው። ደረት ላይ መስታወት ፊት እቆማለሁ፣ ምክንያቱም ሜትሩ ጀርባ ላይ ተንሸራቶ ሲወርድ አይታወቅም። ወገብ እምብርት ላይ፣ ተንፍሼ ከጨረስኩ በኋላ። ሆድ መሳብ የለም! ማንም አያይሽም፣ ማንን ነው የምትዋሺው።

ሜትሩን ራሱን ደግሞ ፈትኑት። ርካሹ ሜትር ይለጠጣል። የኤ-4 ወረቀት ረጅሙ ጎን 29.7 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ሜትራችሁን በሱ ላይ አስተኙት።

የኔ ውጤት፦ ክብደቴ በዓመት ከ61 ወደ 62 ነው የሄደው፣ ይኼው ነው። ወገቤ ግን ከ83 ወደ 76 ወርዷል፣ ጭኔ ከ55 ወደ 57 ወጥቷል። ሚዛን ብቻ ብሰማ ኖሮ በሦስተኛው ወር ትቼው ነበር።


#14 ነጩ_ጋወን
የካቲት 11፣ ከምሽቱ 3:02

ሄሉ ብራቮ። ወገብ ከልኬቶች ሁሉ ለጤና የሚናገር እሱ ነው። ለሴት ከ80፣ ለወንድ ከ94 ሳንቲ ሜትር ሲያልፍ የስኳርና የልብ ሕመም ስጋት እንደሚጨምር ነው ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው። ሌላው ቀላል መንገድ፣ ወገብ ከቁመት ግማሽ በታች ይሁን።


#15 ቀጭኑ_ከለገሃር
የካቲት 12፣ ከቀኑ 6:30

ቢሮ ስለሆንኩ ኤ-4 ሞልቷል። የኔ ሜትር 29.5 አለው! አዲስ ነው እኮ። ጂም ያለው ሚዛን ግን ሃይላንዱን ስድስት ኪሎ ብሎ በትክክል አነበበ፣ ከእንግዲህ እሱን ብቻ ነው የምይዘው።

ወረቀቱን ደግሞ አገኘሁት። ለእህቴ የጥር ሠርግ ሱፍ ሳሰፋ ልብስ ሰፊው የለካኝ ነው። እኔ ፎቶ አንሥቼ ይዤው ነበር። "ለጂም መነሻ ይሆነኛል" ብዬ ነው፣ ሰፊ እንደሆነ ደግሞ ልኬት ያውቃል። እንዲህ ይላል፦ ት 45፣ ደ 102፣ ወ 84፣ ክ 35፣ እጅ 61፣ ቁ 74።


#16 መርፌና_ክር
የካቲት 12፣ ከምሽቱ 1:18

ስለ ስፖርት አላውቅም፣ ልጄ ነው ይህን አንብቦ የጠራኝ። ሠላሳ ዓመት ፒያሳ ሰፍቻለሁ፣ ሰፈሩ ከተነሣ ወዲህ ተክለሃይማኖት ነኝ።

ልጄ፣ ያ ወረቀት የኮትህ ልኬት ነው እንጂ የሰውነትህ አይደለም። "ቁ 74" የኮቱ ቁመት፣ "እጅ 61" እጅጌው ነው። እኛ ሜትሩን ስንዞር ሁለት ጣት ከሥሩ እንከታለን፣ ሰውየው መተንፈስ፣ እጁን ማንሣት፣ መኪና መንዳት አለበት። አንዳንዱ ሰፊ እርቃኑን ይጽፍና ጨርቅ ሲቆርጥ ይጨምራል፣ አንዳንዱ ጨምሮ ነው የሚጽፈው። የአንተው ጨምሮ የጻፈ ይመስላል። ኮት ላይ ደረት ከ8 እስከ 10 ይጨመራል፣ ክንድ ላይ አራት አምስት።

ደግሞ ልጠይቅህ፣ ጥቅምት 8 ጠዋት ነው የተለካኸው? በጥቅምት ብርድ ሹራብህን አውልቀህ ነበር?


#17 ቀጭኑ_ከለገሃር
የካቲት 12፣ ከምሽቱ 1:40

አላወለቅሁም። ከሥራ በፊት ነበር የሄድኩት፣ ወፍራም ሹራብ ነበር የለበስኩት። ወይኔ።

አባባ፣ አንድ ነገር ልናዘዝ። ሠርጉ ላይ ኮቱ ክንዴ ላይና ጀርባዬ ላይ ይዞኝ፣ እጄን ማንሣት አቅቶኝ ነበር። እስክስታ ሲመታ እንደ ግንድ ቆሜ ነው የዋልኩት። እኔ ደግሞ "ይሄ ሰፊ አበላሸብኝ" ብዬ ቀኑን ሙሉ ስረግመው ዋልኩ።


#18 መርፌና_ክር
የካቲት 12፣ ከምሽቱ 1:52

ሰፊ ሁሌ ነው የሚረገመው። የሚከሳም የሚወፍርም ደንበኛ እኛን ነው የሚያማ።


#19 ሞተረኛው
የካቲት 12፣ ከምሽቱ 1:55

ወገን ሞትኩ። ሰውዬው ደረት አውጥቶ ሰፊ ይረግማል፣ ከዚያ እዚህ መጥቶ "ክንዴ አነሰ" ብሎ ያለቅሳል።


#20 ኮች_ከባምቢስ
የካቲት 12፣ ከምሽቱ 2:20

አባባ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን፣ ከኛ ሁሉ እርስዎ ፈቱት። ከ102 ላይ የኮቱን ትርፍና ሹራቡን ብናነሣ 90 አካባቢ ይመጣል፣ ክንዱም 30 አካባቢ። ያ ከሆነ 95 እና 32 ማለት በአራት ወር ጥሩ ሥራ ነው። ግን ግምት ግምት ነው፣ ጥቅምትን እርሳው። መነሻህ ዘንድሮ የካቲት ነው፣ በሄሉ አለካክ፣ በአንድ ሜትር፣ በአንድ ሚዛን። ያንን የተለጠጠ ሜትር ጣል።


#21 ቀጭኑ_ከለገሃር
የካቲት 13፣ ከጠዋቱ 3:05

ሌሊቱን በደስታ አልተኛሁም። አሁን ግን ሌላ ጭንቀት አለ። ሰኞ ሁዳዴ ይገባል። እጾማለሁ፣ እሱ ላይ ድርድር የለም። 55 ቀን ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል፣ ያለ ሥጋ፣ እስከ 9 ሰዓት ሳልበላ ያገኘሁት ሁሉ ሊቀልጥ ነው?


#22 ነጩ_ጋወን
የካቲት 13፣ ከቀኑ 6:45

አይቀልጥም፣ ግን እንደ ልማዱ "ጾም ነው" ብሎ ፓስታና ዳቦ ብቻ መብላት ከሆነ መቅለጡ አይቀርም።

ጡንቻ ለሚገነባ ሰው የሚመከረው በኪሎ 1.6 ግራም ፕሮቲን ነው። 68 ኪሎ ብንል 109 ግራም በቀን። ሰው "ሽሮ እበላለሁ እኮ" ይለኛል። ሽሮ ዱቄቱ መቶ ግራም ላይ 20 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፣ እውነት ነው። ነገር ግን አንድ ሰው በሚበላት ሽሮ ውስጥ ያለው ዱቄት ሦስት አራት ማንኪያ ነው፣ ሌላው ውሃና ዘይት ነው። አሥር ግራም ፕሮቲን እንኳ አይሞላም። ምስር ወጥም እንደዚያው፣ ደረቁ መቶ ግራም 25 ግራም ፕሮቲን አለው፣ ጥያቄው ሳህንህ ላይ ስንት ግራም ምስር አለ ነው። ወፍራም ወጥ፣ ትንሽ እንጀራ አድርግ። ከዚያ ለውዝ፣ መቶ ግራም ላይ 25። ከሁሉ የሚበልጠው ሰው የሚንቀው አኩሪ አተር ነው፣ መቶ ግራም ደረቅ ላይ 36 ግራም ያህል አለው። ቆልተህ ከገብስ ቆሎ ጋር ቀላቅለው፣ ወይም ሽሮው ሲፈጭ ይግባበት። 150 ግራም ምስር፣ 100 ግራም አኩሪ አተር፣ 100 ግራም ለውዝ፣ ከነእንጀራው ሞላህ ማለት ነው። ጤፉም ባዶ እንዳይመስልህ፣ እህልና ጥራጥሬ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። አያቶቻችን በሳይንስ ባይሆንም አግኝተውታል።


#23 ሞተረኛው
የካቲት 13፣ ከቀኑ 7:00

መቶ ግራም አኩሪ አተር፣ 150 ግራም ምስር በልቶ ምድር ቤት ጂም ውስጥ ስኳት የሚሠራ ሰው አጠገብ ለመቆም ማን ይደፍራል?


#24 ነጩ_ጋወን
የካቲት 13፣ ከቀኑ 7:08

ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋትና ቀስ እያሉ መጨመር ነው መፍትሔው። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም አትብላ።


#25 ከቤኒን_ሰፈር
የካቲት 13፣ ከምሽቱ 2:10

እኔ ሙስሊም ነኝ፣ ረመዳንም በቀጣዩ ሳምንት ይገባል። ሦስት ረመዳን ላይ ብረት ሠርቻለሁ። የኔ ዘዴ ቀላል ነው፤ ከኢፍጣር በኋላ፣ ተራዊሕ ሰግጄ ስጨርስ ነው ጂም የምገባው፣ ኪሎውን አልጨምርም፣ ያለውን እጠብቃለሁ። ዙር ከአራት ወደ ሁለት እቀንሳለሁ። ጉልበት ለማግኘት ብዙ፣ ለማቆየት ግን ትንሽ ይበቃል። አንተ 9 ሰዓት ላይ የምትበላ ከሆነ ከሥራ በኋላ ያለችው ሰዓትህ እኮ ለኔ ምኞት ናት።


#26 ጋሽ_ጃንሜዳ
የካቲት 14፣ ከጠዋቱ 12:55

እኔ ጾሙን በበሶ ነው የማልፈው። እግር መሥራትም ጀምር ልጄ። በኔ ዕድሜ ከመሬት የሚያስነሣህ ደረትህ አይደለም።


#27 ቀጭኑ_ከለገሃር
ሚያዝያ 20፣ ከምሽቱ 3:30

ወገን፣ ከፋሲካ ስምንት ቀን አሳልፌ፣ ዶሮው ከሰውነቴ ወጣ ብዬ ስላሰብኩ ዛሬ ጠዋት ተለካሁ። በአዲስ ሜትር፣ በነጥብ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ። የካቲት 16 በዚሁ ሜትር የያዝኩት ቅንፍ ውስጥ ነው።

ክብደት 68.4 (67.6)። ደረት 96 (95)። ወገብ 79 (79)። ክንድ 32.5 (32)። ጭን 54 (51.5)።

መጋቢት አጋማሽ ላይ 66.3 ወርጄ ነበር፣ ልተወው ምንም አልቀረኝ። ደብተሬን ሳይ ግን ቤንች 55 ላይ እንዳለ ነው፣ አልወረደም። ስለዚህ ቀጠልኩ፣ ማታ ማታ ለውዝና አኩሪ አተር ጨመርኩ፣ ተመለሰ። ስኳት በባዶ ባር፣ በ20 ኪሎ ጀምሬ 60 ደርሻለሁ። የመጀመሪያው ሳምንት የቢሮ ደረጃ በቂጤ እየተንፏቀቅሁ ነው የወረድኩት፣ በካርቶኑ የሳቁብኝ ልጆች በድጋሚ ሳቁ።

መርፌና ክር አባባ ካሉ ግን አንድ ጉዳይ አለኝ። ፋሲካ ጠዋት ያንን ኮት ለብሼ አክስቴ ቤት ሄድኩ። በጉ ከግቢ ወደ ጓሮ አልሄድም ብሎ ተጋደመ፣ ያው ጡንቸኛ ተባልኩና ተሸከመው አሉኝ። ከፍ ሳደርገው ከብብቴ እስከ ጀርባዬ ስፌቱ ተረተረ። ይሰፋል?


#28 መርፌና_ክር
ሚያዝያ 20፣ ከምሽቱ 4:02

ጨርቁ ካልተቀደደ ይሰፋል። ጥሩ ሰፊ ከሆነ ጎኑ ላይ ትርፍ ጨርቅ ትቶልሃል፣ ሁለት ሳንቲ ያህል ሊለቀቅ ይችላል። አምጣውና አየዋለሁ። ዝናብ ጀምሯል፣ ብርድም አለ፤ ስትመጣ ግን ሹራብህን እዚያው በር ላይ አውልቅ።